ለመንጠር የሚያስቸግረው ንጥረ ነገር፦ ንጹሕ ቦሮን እንዴት ይገኛል?

«ኤንፒኤስቢ» በሚል ስያሜ ለአርሶ አደሩ የሚደርሰው ማዳበሪያ በውስጡ የያዛቸውን ንጥረ ነገሮች በስሙ ይናገራል። ኤን ናይትሮጂን፣ ፒ ፎስፎረስ፣ ኤስ ደግሞ ሰልፈር ነው። በስሙ መጨረሻ ላይ የምትገኘው ቢ ቦሮንን ታመለክታለች። ከአራቱ በመጠን እጅግ አነስተኛው ይኸው ቦሮን ነው፤ በአንድ ኩንታል ማዳበሪያ ውስጥ የሚገኘው 100 ግራም ገደማ ብቻ ነው።

ይኸው ንጥረ ነገር ከማሳ ርቆም ብዙ ሥራ አለው። የእጅ ስልክ በሚሠራበት ቺፕ፣ በአውሮፕላን አካል፣ በነፋስ ኃይል ማመንጫ ማግኔትና በኑክሌር ማብላያ ውስጥ ይገኛል። ይሁን እንጂ ለሰብል የሚውለው ቦሮንና ለቺፕ የሚውለው ቦሮን በአመራረታቸውም ሆነ በዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ልዩነቱን የሚፈጥረው ንጽሕናቸው ነው።

«ንጥረ ነገር» የሚለው ቃል ራሱ ከማንጠር የመጣ ነው። ወርቅ በእሳት ይነጥራል፤ ቅቤም በድስት ይነጠራል። ቦሮንን ማንጠር ግን የኬሚስትሪ ሊቃውንትን ከአንድ መቶ ዓመት በላይ አድክሟል። ለምን እንዲህ እንደሆነና በመጨረሻ በምን መንገድ እንደተቻለ መረዳት፣ በማሳችን ላይ የሚበተነው ማዳበሪያ ለምን ንጹሕ ቦሮን እንደማያስፈልገው ለመረዳትም ይጠቅማል።

የንጽሕና ልክ

አንድ ነገር «ንጹሕ ነው» ሲባል የንጽሕናው መጠን በቁጥር መገለጽ አለበት። ነገሩን በእህል መስሎ ማየት ይቀላል። 95 በመቶ ንጹሕ በሆነ አንድ ኩንታል እህል ውስጥ 5 ኪሎ ግራም እንክርዳድና አፈር አለ። ንጽሕናው 99 በመቶ ሲሆን ባዕድ ነገሩ ወደ 1 ኪሎ ግራም ይወርዳል። 99.9 በመቶ ሲሆን 100 ግራም ይቀራል። 99.9999 በመቶ ሲደርስ ግን በኩንታሉ ውስጥ የሚቀረው ባዕድ ነገር የአንድ ግራም አንድ ዐሥረኛ ብቻ ነው፤ ይህም በሁለት ጣት ከሚቆነጠር ጨው ያነሰ ነው።

በሙያው ዘንድ ይህ የመጨረሻው ደረጃ «ስድስት ዘጠኝ» ይባላል፤ በቁጥሩ ውስጥ ስድስት ዘጠኞች አሉና። አንድ ዘጠኝ በተጨመረ ቁጥር የሚቀረው ቆሻሻ በዐሥር እጥፍ ይቀንሳል። ሥራውና ወጪው ደግሞ በዚያው ልክ እየከበደ ይሄዳል። እንክርዳዱን በወንፊት የለየ ሰው፣ የቀረችውን ጥቂት ጠጠር በእጁ አንድ በአንድ ለመልቀም ረጅም ሰዓት እንደሚፈጅበት ሁሉ ማለት ነው።

ከኦክስጅን የማይለይ

ቦሮን በተፈጥሮ ብቻውን አይገኝም። ሁልጊዜ ከኦክስጅን ጋር ተጣምሮ፣ አብዛኛውን ጊዜም ሶዲየምን ወይም ካልሲየምን ጨምሮ በማዕድን መልክ ይገኛል። ቦራክስ፣ ከርናይት፣ ኮልማናይትና ዩሌክሳይት ከእነዚህ ማዕድናት ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ማዕድናቱ በብዛት የሚገኙት እሳተ ገሞራ በነበረባቸው ደረቅ አካባቢዎች፣ ጥንታዊ ሐይቆች ተንነው በቀሩባቸው ሸለቆዎች ውስጥ ነው። ከዓለም ክምችት ከፍተኛውን ድርሻ የያዘችው ቱርክ ስትሆን፣ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛትም «ቦሮን» ተብላ በምትጠራ ከተማ አቅራቢያ ትልቅ የማዕድን ማውጫ ይገኛል።

ማዕድኑን ከድንጋይና ከአፈር መለየት ያን ያህል አስቸጋሪ አይደለም። ማዕድኑ ይፈጫል፤ በሙቅ ውኃ ወይም በሰልፈሪክ አሲድ ይሟሟል፤ ዝቃጩ ይጣራል። የጠራው ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ ነጭ ብልጭልጭ ፍሬዎች እየረጉ ይወጣሉ። ይህ ቦሪክ አሲድ ወይም ቦራክስ ነው። አሟሙቶ እንደገና ማርጋትን በመደጋገም ብቻ በጣም ንጹሕ ቦሪክ አሲድ ማግኘት ይቻላል። ለማዳበሪያ፣ ለመስታወትና ለሴራሚክ ፋብሪካዎች የሚያስፈልገው ቦሮን የሚቀርበው ከእነዚህ ውሕዶች ነው፤ ኦክስጅኑን ማላቀቅ አያስፈልግም።

ችግሩ የሚጀምረው ቦሮንን ብቻውን ለማግኘት ሲፈለግ ነው። ቀጥቃጮች ብረትን ከድንጋይ የሚያወጡት በከሰል ነው፤ ከሰሉ ኦክስጅኑን ይወስድና ብረቱን ይተዋል። በቦሮን ላይ ይህ ዘዴ አይሠራም። ከሰሉ በከፍተኛ ሙቀት ኦክስጅኑን ቢወስድም፣ ነጻ የወጣው ቦሮን መልሶ ከከሰሉ ጋር ይጣመርና ቦሮን ካርባይድ የተባለ እጅግ ጠንካራ ውሕድ ይሆናል። በአሉሚኒየም ሲሞከርም ቦሮኑ ከአሉሚኒየሙ ጋር ይጣበቃል። አንዱን ጓደኛ ሲያስለቅቁት ሌላ ጓደኛ ይይዛል።

በዚህ ላይ ቦሮን የሚቀልጠው ከ2 ሺህ ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ነው። በዚያ ሙቀት የቀለጠ ቦሮን ከተቀመጠበት ዕቃ ጋር ይዋሐዳል፤ ዕቃውን እየበላ ራሱም ይቆሽሻል።

የማግኒዚየም መንገድ

ቦሮን ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1808 ነው። በፓሪስ ጌ ሉሳክና ቴናር፣ በለንደን ደግሞ ሐምፍሪ ዴቪ በተመሳሳይ ዓመት ፖታሲየም የተባለውን ብረት ተጠቅመው ኦክስጅኑን አላቀቁት። ያገኙት ግን ከሌላ ነገር ጋር የተደባለቀ ጥቁር ቡናማ ዱቄት ነበር። በ1890ዎቹ ፈረንሳዊው ኬሚስት ኦንሪ ሙዋሳን ማግኒዚየምን በመጠቀም የተሻለ ቦሮን አገኘ። ይህ ዘዴ ዛሬም በፋብሪካ በስፋት ይሠራበታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቦሪክ አሲድ ሲሞቅ ውኃው ይወጣና ቦሮን ኦክሳይድ የተባለ መስታወት መሰል ነገር ይቀራል። ይህ ተፈጭቶ ከማግኒዚየም ዱቄት ጋር ይደባለቃል፤ ከዚያም እሳት ይሰጠዋል። ምላሹ አንዴ ከተጀመረ በራሱ ሙቀት ይቀጥላል። ማግኒዚየሙ ኦክስጅኑን ይወስዳል፤ ቦሮኑ ይቀራል። የተገኘው ድብልቅ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ደጋግሞ ሲታጠብ ማግኒዚየም ኦክሳይዱ ይሟሟና ይወገዳል፤ ቡናማ የቦሮን ዱቄትም ይቀራል።

የዚህ ዱቄት ንጽሕና አብዛኛውን ጊዜ ከ90 እስከ 95 በመቶ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ለማድረስ አስቸጋሪ የሚሆነው ማግኒዚየሙም እንደ አሉሚኒየሙ ከቦሮኑ ጋር በከፊል ስለሚጣመር ነው። ይህ ጥምረት በአሲድ በቀላሉ አይታጠብም። ያም ሆኖ ዱቄቱ የሚበቃበት ሥራ አለ። ለርችት አረንጓዴ ብርሃን፣ ለሮኬት ማቀጣጠያና በመኪና ውስጥ የአደጋ መከላከያ የአየር ከረጢትን ለሚያስነሣው ቅጽበታዊ እሳት ያገለግላል።

በቀለጠ ጨው ውስጥ

ሁለተኛው መንገድ ኤሌክትሪክን ይጠቀማል። ፖታሲየም፣ ቦሮንና ፍሎሪን የያዘ ጨው ከፖታሲየም ክሎራይድ ጋር ተደባልቆ እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሆነ ሙቀት ይቀልጣል። በቀለጠው ጨው ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ቦሮኑ በአሉታዊው ምሰሶ ላይ እየተለጠፈ ይሰበሰባል። ከዚያ ተፍቆ ይወጣል፤ የተጣበቀበት ጨውም በውኃና በአሲድ ይታጠባል።

ይህ ዘዴ ከማግኒዚየሙ የተሻለ ንጽሕና ይሰጣል፤ በጥንቃቄ ከተሠራ ወደ 99 በመቶ ይጠጋል። ነገር ግን ከማቅለጫው ዕቃና ከምሰሶዎቹ የሚመጣ ብረትና ካርቦን ይቀላቀልበታል። የጨው ቅሪትም ፈጽሞ አይጠፋም። ለቺፕ የሚሆን ቦሮን ለማግኘት ከዚህም የላቀ ዘዴ ያስፈልጋል።

በእንፋሎት ማንጠር

ጠጣር ነገርን አብጠርጥሮ ማጽዳት አስቸጋሪ ነው። ፈሳሽን ወይም ጋዝን ማጽዳት ግን ይቀላል። አረቄ አውጪዎች ይህን ጥበብ ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ ድፍድፉን ያሞቃሉ፣ እንፋሎቱን በቱቦ ይመራሉ፣ ቀዝቅዞ የጠራውን ይቀበላሉ፤ አተላው ከታች ይቀራል። ከፍተኛ ንጽሕና ያለው ቦሮን የሚገኘውም በዚሁ መርሕ ነው።

ቦሮን ግን በቀላሉ አይተንንም። ስለዚህ በመጀመሪያ በቀላሉ ወደሚተን ውሕድ ይለወጣል። ቦሮን ኦክሳይድ ከከሰል ጋር ተደባልቆ በክሎሪን ጋዝ ሲሞቅ፣ ከሰሉ ኦክስጅኑን ይወስዳል፤ ክሎሪኑ ቦሮኑን ይቀበላል። ከሰል ብቻውን ያልቻለውን ከክሎሪን ጋር ሆኖ ይፈጽመዋል። የሚገኘው ቦሮን ትራይክሎራይድ በ12.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይፈላል። ይህ ማለት ከደጋ ሌሊት ቅዝቃዜ ብዙም በማይርቅ ሙቀት ወደ እንፋሎት ይለወጣል ማለት ነው። እንደ ብረት ያሉት ባዕዳን ነገሮች ደግሞ የሚተኑት በሌላ ሙቀት ነው። ስለዚህ ደጋግሞ በማፍላትና በማቀዝቀዝ አንዱን ከሌላው መለየት ይቻላል።

የጠራው እንፋሎት ከንጹሕ ሃይድሮጂን ጋር ተደባልቆ፣ ከ1 ሺህ ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በጋለ የተንግስተን ወይም የታንታለም ሽቦ ዙሪያ እንዲያልፍ ይደረጋል። ሃይድሮጂኑ ክሎሪኑን ይወስዳል። ቦሮኑ በሽቦው ላይ ሽፋን በሽፋን እየተለጠፈ ይወፍራል። እ.ኤ.አ. በ1909 በአሜሪካ ኢዝኪኤል ዋይንትራውብ የተባለ ተመራማሪ የቦሮን ትራይክሎራይድና የሃይድሮጂን ድብልቅን በኤሌክትሪክ ቅስት ውስጥ በማሳለፍ 99 በመቶ ንጹሕ ቦሮን ለመጀመሪያ ጊዜ አገኘ። ንጥረ ነገሩ ከተለየ ልክ 101 ዓመት ሆኖት ነበር።

በዚሁ መርሕ የሚሠሩ ሌሎች መንገዶችም አሉ። በክሎሪን ፈንታ ብሮሚን ወይም አዮዲን ይገባል። ቦሮንና አዮዲን የተጣመሩበት ውሕድ በጋለ ገጽ ላይ ያለ ሃይድሮጂን ራሱ ይፈርሳል። ቦሮንና ሃይድሮጂን ብቻ ያሉበት ዳይቦሬን የተባለ ጋዝም ሲሞቅ ንጹሕ ቦሮን ጥሎ ሃይድሮጂኑን ይለቃል። ዳይቦሬን ግን መርዛማ ነው፤ እርጥበት ያለው አየር ሲያገኘውም በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለሆነም ይህን ሥራ የሚሠሩት ጥብቅ የደኅንነት ሥርዓት ያላቸው ተቋማት ብቻ ናቸው።

በዚህ ዘዴ የሚሠራው የቦሮን ክር ክብደቱ ቀላል፣ ጥንካሬው ግን ከፍተኛ በመሆኑ ለተዋጊ አውሮፕላኖች ጅራትና ለጠፈር መንኮራኩር ምሰሶዎች ውሏል።

ምንም ሳይነካው ማቅለጥ

በጋዝ የተገኘው ቦሮን ወደ ስድስት ዘጠኝ እንዲጠጋ አንድ ሥራ ይቀረዋል። ከላይ እንደተገለጸው የቀለጠ ቦሮን የነካውን ዕቃ ሁሉ ይበላል። መፍትሔው ያለ ዕቃ ማቅለጥ ነው።

ቦሮኑ በዘንግ መልክ ተዘጋጅቶ ከላይና ከታች ተይዞ ይቆማል። በአንድ ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ ከፍተኛ ሙቀት ይሰጠዋል። ያ ጠባብ ክፍል ይቀልጣል፤ ጠል በቅጠል ጫፍ ላይ ሳይወድቅ ተንጠልጥሎ እንደሚቆይ ሁሉ፣ የቀለጠው ቦሮንም በራሱ የገጽ ውጥረት በሁለቱ ጠጣር ጫፎች መካከል ተይዞ ይቆያል። ሙቀቱ በዝግታ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሲጓዝ፣ ከኋላው ያለው ክፍል እንደገና ይጠጥራል።

አንድ ነገር ሲጠጥር ባዕድ ነገርን ወደ ፈሳሹ ክፍል የመግፋት ባሕርይ አለው። የባሕር ውኃ ሲቀዘቅዝ በረዶው ጨው አልባ ሊሆን የሚቃረበው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ቆሻሻው ከቀለጠው ክፍል ጋር እየተጓዘ ወደ ዘንጉ ጫፍ ይጠረጋል። ሥራው ደጋግሞ ከተሠራ በኋላ የቆሸሸው ጫፍ ተቆርጦ ይጣላል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን?

የስልክና የኮምፒዩተር ቺፕ የሚሠራው ከሲሊከን ነው። ንጹሕ ሲሊከን ኤሌክትሪክን በደንብ አያስተላልፍም። በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ የሲሊከን አተሞች መካከል አንድ የቦሮን አተም ሲገባ ግን የማስተላለፍ ባሕርዩ ይለወጣል። ፎስፎረስ ሲገባ ደግሞ ተቃራኒው ባሕርይ ይፈጠራል። ቺፑ የሚሠራው በእነዚህ ተቃራኒ ክፍሎች መደራጀት ነው።

ለቺፕ የሚውለው ቦሮን ወይም የቦሮን ውሕድ ትንሽ ፎስፎረስ ቢኖርበት አንዱ የሌላውን ሥራ ያፈርሳል። በኤንፒኤስቢ ከረጢት ውስጥ ጎን ለጎን ሆነው ለሰብሉ የሚሠሩት ፎስፎረስና ቦሮን፣ በቺፕ ውስጥ ተጻራሪዎች ናቸው። የንጽሕና ጥብቅነት ምንጩ ይህ ነው፤ ባዕድ ነገር ማለት በተፈለገበት ሥራ ላይ እንቅፋት የሚሆን ነገር ማለት ነውና።

ሌላ ዓይነት ንጽሕናም አለ። በተፈጥሮ ከሚገኘው ቦሮን 20 በመቶው ቦሮን 10፣ 80 በመቶው ደግሞ ቦሮን 11 የተባለ ነው። ሁለቱ በኬሚካዊ ባሕርያቸው አንድ ሲሆኑ በክብደት ይለያያሉ። ቦሮን 10 ኒውትሮንን አጥብቆ ስለሚውጥ የኑክሌር ማብላያን ለመቆጣጠር ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ1986 የቼርኖቤል አደጋ በደረሰ ጊዜ ቦሮን ካርባይድ ከአሸዋ፣ ከሸክላ አፈርና ከእርሳስ ጋር በሄሊኮፕተር የተጣለውም ለዚህ ነበር። በቺፕ ውስጥ ግን ይኸው ባሕርይ ጎጂ ነው፤ ቦሮን 10 ኒውትሮን ሲውጥ ተሰብሮ የሚወጣው ጨረር በቺፑ የተቀመጠውን መረጃ ሊያዛባ ይችላል። ስለዚህ ለማብላያው ቦሮን 10፣ ለጥንቁቅ ቺፖች ደግሞ ቦሮን 11 ተለይቶ ይመረታል። መለየቱም በረጃጅም ማማዎች ውስጥ ደጋግሞ በማትነንና በማቀዝቀዝ የሚከናወን አድካሚ ሥራ ነው።

ለማሳ የሚበቃው ቦሮን

ሰብል ከዚህ ሁሉ የንጽሕና ውድድር ውጪ ነው። ተክል ቦሮንን በሥሩ የሚወስደው በአፈር ውኃ ውስጥ ሟሙቶ፣ በዋናነት በቦሪክ አሲድ መልክ ሲያገኘው ነው። በብዙ ድካም ከኦክስጅን የተላቀቀው ንጹሕ የቦሮን ቅንጣት በውኃ የማይሟሟ ስለሆነ ለተክሉ ምግብ አይሆንም። ኬሚስቱ ለማላቀቅ የሚደክመው ያ የኦክስጅን ጥምረት ለገበሬው መልካም ነገር ነው።

ቦሮን ለተክል የግድ እንደሚያስፈልግ ያረጋገጠችው ካትሪን ዋሪንግተን የተባለች እንግሊዛዊት ተመራማሪ ናት። እ.ኤ.አ. በ1923 በሮታምስቴድ የግብርና ምርምር ማዕከል ባቄላን ያለ ቦሮን አብቅላ፣ ተክሉ ጤናማ ሆኖ ማደግ እንደማይችል አሳየች። ቦሮን የተክሉን ሴል ግድግዳ አያይዞ ይይዛል፤ የአበባ ብናኝ ሕይወት እንዲዘራም ያስፈልጋል። ሲጎድል አዲስ የሚወጣው ጫፍ ይደርቃል፤ ለጋ ቅጠሎች ይወፍራሉ፣ ይሰባበራሉ፤ አበባው ፍሬ ሳይዝ ይቀራል። በስንዴ ላይ ዛላው ቢወጣም ፍሬ አልባ ሊሆን ይችላል። በአበባ ጎመን ግንዱ ውስጡ ባዶ ይሆናል።

በአገራችን የአፈር ለምነት ካርታ ሲዘጋጅ በብዙ አካባቢዎች የቦሮን እጥረት መኖሩ ተለይቷል። ቦሮን የያዙ ማዳበሪያዎች የገቡትም ይህን ተከትሎ ነው። ዝናብ የሚበዛበት አፈር ቦሮኑ በቀላሉ ይታጠብበታል። አሲዳማ አፈርን ለማከም የሚጨመር ኖራም ከሚገባው በላይ ከሆነ ተክሉ ቦሮን ለመውሰድ ይቸገራል። ስለዚህ ኖራ ሲታሰብ የአፈር ምርመራ ውጤትን መሠረት ማድረግ ተገቢ ነው።

ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለበት በቦሮን እጥረትና በቦሮን መብዛት መካከል ያለው ርቀት ጠባብ መሆኑ ነው። ሲበዛ የአሮጌ ቅጠሎች ጫፍና ጠርዝ ይቢጫል፣ ከዚያም ይቃጠላል። እንደ ቦሎቄ ያሉ ሰብሎች ይህን ጉዳት መቋቋም አይችሉም። ለሌላ አገልግሎት የሚሸጥ ቦሪክ አሲድ ወይም ቦራክስ ገዝቶ በግምት ማሳ ላይ መበተን ምርት ከመጨመር ይልቅ ሰብሉን ሊያቃጥል ይችላል። በኩንታል ማዳበሪያ 100 ግራም ገደማ ብቻ የተደረገው በንፉግነት አይደለም፤ መጠኑ ያን ያህል አነስተኛና በማሳው ሁሉ በእኩል መዳረስ ያለበት ስለሆነ ነው። ከላይ የተጠቀሱትን ምልክቶች በሰብሉ ላይ የሚመለከት አርሶ አደር በራሱ ከመጨመሩ በፊት የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ቢያማክር ይመረጣል፤ ተመሳሳይ ምልክት በሌላ ንጥረ ነገር እጥረት ወይም በድርቅም ሊመጣ ይችላልና።

በአጠቃላይ ለአንድ ሥራ የሚበቃ ንጽሕና ለሌላው ትርፍ ወጪ፣ ወይም ጭራሽ የማይጠቅም ነው። ቺፕ ሠሪው ከሚሊዮን አንድ ባዕድ አተም ያስጨንቀዋል። አርሶ አደሩን ሊያሳስበው የሚገባው ግን የመጠኑ ትክክለኛነት ነው።